ሰባት ሴኮንድ ያለ መብራት

ቦሌ ሚካኤል፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ትልቁ አባባ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ይህችን መስመር ያስጻፈኝ ወንድምዎ፣ አባባ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው የራሴ ነው። እሱ አሁን መነጽሩን እየፈለገ ነው፤ መነጽሩ ደግሞ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ጥያቄዎ ከብዶኝ ነው እንጂ ረስቼው አይደለም። አዎ፣ የሰጡን የጠረጴዛ ላይ ትንሽ ባቡር ይቆማል። የነገረዎት ሰው አልዋሸም። ማን እንደሆነ ግን ባውቅ ደስ ይለኛል፤ ከዚህ ቤት ወሬ የማወጣው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ሞተር በየክረምቱ እንደሚያደርገው ዘንድሮም ዘይት ሊቀባ እርስዎ ዘንድ ከርሞ፣ በሹፌሩ በሃይለኣብ አውቶቡስ ተመለሰ። ሰርቪስ ቤት ገብተን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሐዲዱ ላይ አስቀመጥነው። አንድ ዙር በሰላም ዞረ። በሁለተኛው ሐዲዱ ዳር ያለችው ትንሽ መጋዘን ጋ ሲደርስ የፊት መብራቱ ጥቅስ አለና ቀጥ። አባባ በከዘራው ጫፍ ነካ ሲያደርገው ይሄዳል፤ ሦስት ስንዝር ሄዶ ደግሞ ቀጥ። አባባም ከኢምፔሪያል ወደ ቤት በእግሩ ሲመጣ እንዲሁ ነው። እሱ ግን የሚቆመው ሰው ሰላም ለማለት ነው፤ ባቡሩ ማንን ሰላም እንደሚል አላወቅንም።

ጎረቤታችን ጋሽ ላጲሶ፣ የፊዚክስ መምህር የነበሩት፣ አስረድተውኛል። ባቡሩ ዲጂታል ስለሆነ በሐዲዱ ላይ ኤሌክትሪኩም ትእዛዙም አብረው ነው የሚሄዱት። ሞተሩ ሆድ ውስጥ ዲኮደር የምትባል ጥፍር የምታክል አንጎል አለች። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ግንኙነት ከተቋረጠባት ሁሉንም ነገር ትረሳለች፤ የት ነበርኩ፣ ወዴት እየሄድኩ ነበር ትላለች። በዚህ ቤት እንዲህ የሚያደርግ ሌላም ሰው አለ፤ ስም አልጠራም።

ውላችሁን አልረሳሁም። ጥር 12፣ ለሚካኤል ሲመጡ ባቡሩ የማንም እጅ ሳይነካው አሥር ዙር ካልዞረ፣ ጠረጴዛውም ሐዲዱም ተጭኖ ወደ ድሬዳዋ ይመለሳል። የፈረማችሁት እናንተ ሁለት ሼባዎች ናችሁ፤ የምቀጣው ግን እኔ ነኝ። ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ሽቦ ግማሹን የበየድኩት እኔ ነኝ። በዚህ ቤት ውስጥ «አትንኪ» የማልባልበት ብቸኛ ቦታ እሱ ነው። እማማ ሙሉነሽ ግን ሰርቪሱን ከአሁኑ ለተከራይ እያሳየች ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ገብቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ባለው አዋሽ ጣቢያ ቦታ አልጋውን በዓይኑ ሲዘረጋ አየሁት።

ከሞተሩ ሥር በቀይ ሰም ያተሙት ማኅተም እንዳለ ነው። አባባ ሞተሩን መገልበጥ ስለከለከለ በጣቴ ዳሰስኩት፤ አለ።

አንዳንዴ ታዛዥ የሆነችው የልጅ ልጅዎ፣
ብሩክታይት


ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለብሩክታይት፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የፖስታው ሙጫ ግን ሁለት ጊዜ የተጣበቀ ይመስላል። ሃይለኣብን ጠየቅሁት፤ ማለልኝ። የማለበት ፍጥነት ደስ አላሰኘኝም።

«ሼባ» ያልሽውን ቃል የጎረቤት ልጅ ተርጉሞልኛል። ይቅር ብዬሻለሁ።

ሞተሩ ክረምቱን እዚህ ሲቆይ ምንም አልነበረበትም። በምድር ባቡር አርባ ዓመት በምልክት ክፍል ሠርቻለሁ። ከእጄ በደህና የወጣ ዕቃ በሌላ እጅ ከታመመ፣ መሃል ላይ ሰው አለ ማለት ነው። ማኅተሙን በከንቱ አላደረግሁም። አምና ያ ላጲሶ የተባለው ሰው ሞተሩን ገልብጦ ሲያይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የፊዚክስ መምህር ዝም ብሎ አያይም።

ወንድሜ መኩሪያን በስልክ ስጠይቀው «ደህና ነው፣ ደህና ነው» አለኝ። አንዴ ደህና ነው ያለ ሰው ደህና ነው። ሁለቴ ያለ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ።

ስለዚህ ዓይኔ አንቺ ነሽ። የሰርቪሱ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ሐዲዱ በምን ይጠረጋል? ላጲሶ ሲወጣ ኪሱ ያብጣል ወይ? በስልክ እንዳትመልሺ፤ መኩሪያ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የሚያሰማው።

አያትሽ፣
ገብረየስ


ቦሌ ሚካኤል፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የስለላ ክፍል ኃላፊ፤

ሹመቱን ተቀብያለሁ። የዘገየሁት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው።

ቁልፉ ከፍሪጁ ጀርባ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ምስጢር ነው፤ የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች፣ ጋሽ ላጲሶ፣ ውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬና ድመቷ ብቻ ናቸው። ሐዲዱን የሚጠርገው አባባ ነው፤ መሥሪያ ቤት ያስረው በነበረው ክራቫት፣ ከኮሮና ጊዜ በተረፈ አልኮል። ክራቫቱን ለሁለት ቀዶ አንዱን ለቀኝ ሐዲድ፣ አንዱን ለግራ መድቧል። የጋሽ ላጲሶ ኪስ የሚያብጠው ሲገቡ ነው፤ ሲወጡ ባዶ ነው። ቆሎ ነው። ከባቡሩ የበለጠ የሚያስጨንቃቸው ማን የመጨረሻውን ጭብጥ እንደዘገነ ነው።

ከዚያ ወጥመድ አጠመድኩ። ማታ ሰርቪሱን ስዘጋ ደፉ ላይ ፓውደር ነሰነስኩ። ጠዋት ስከፍት ነጭ ዱካ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ተመልሷል፤ ሐዲዱ ላይ ደግሞ የውሃ ጠብታ። ዱካው የላስቲክ ጫማ ነው፤ ቁጥር ሠላሳ ሰባት። በዚህ ግቢ ሠላሳ ሰባት የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው።

እማማን ወጥ ቤት ሄጄ ያዝኳት። አልካደችም። ከሚካኤል የቀዳችውን ጠበል በየማለዳው ሐዲዱ ላይ ትረጫለች።

«ሲጠቃቀስ አላማረኝም» አለች።

«ሐዲድ ዝገት ይይዘዋል እኮ፣ እማማ።»

«እሱን ከያዘው ዝገት ይሻላል።»

ጋሽ ላጲሶ በዚህ በጣም ሳቁ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን በደረቁ ነበር የሚጸለይለት አሏት። እሷም ለዚያ ነው የማይሰራው አለቻቸው። ለሁለት ቀን አልተነጋገሩም።

ጠበሉ ቆመ። ሐዲዱን አደረቅን፤ እኔ ራሴ እስኪያንጸባርቅ ወለወልኩት። አባባ የባቡሩን ማስነሻ ተጫነ። መጋዘኑ ጋ ሲደርስ፣ ጥቅስ። ቀጥ።

እማማ አይደለችም ማለት ነው። አሁን እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ስገባ አባባና ጋሽ ላጲሶ አንገት ለአንገት ገጥመው ያንሾካሽኩ ነበር። ሁለቱም መስማት ስለሚቸግራቸው ሹክሹክታቸው ግቢው ድረስ ይሰማል፤ «እንዳትሰማ» የሚለውን በደንብ ሰማሁ። ሲያዩኝ አባባ ስለ ወባ ወሬ ጀመረ። ቦሌ ላይ ወባ የለም።

ሰላይዎ፣
ብሩክታይት


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

ሙሉነሽን ተያት፤ በቅን ልቧ ያደረገችው ነው። ላጲሶን ግን እንዳትለቂው።

ወባ ማለቱ ብቻ ይበቃኛል። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ በሽታ ይጠራል። አባታችን የሰዓቱን መስታወት ማን እንደሰበረ ሲጠይቅ ኩፍኝ ብሎ ነበር።

ውሉን ደግሜ አስታውስሻለሁ። ሞተሩ ከተከፈተ ዙር አልቆጥርም፤ ያን ቀን መኪና አምጥቼ ሁሉንም እጭናለሁ። ያየሽውን ሳታስቀሪ ጻፊ።

ገብረየስ


ቦሌ ሚካኤል፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ትልቁ አባባ፤

ባቡሩ ድኗል። ትናንት ሃያ ሁለት ዙር ያለ ምንም እጅ ዞረ። ማኅተሙ እንዳለ ነው። ጋሽ ላጲሶን ተከታትያለሁ፤ ያገኘሁባቸው ነገር የለም። ደህና ሰው ናቸው፤ በጣም ደህና።

ደብዳቤዬ ያጠረው ፈተና ስለደረሰብኝ ነው።

ብሩክታይት


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለብሩክታይት፤

ፈተናችሁ ጥር መጨረሻ ነው፤ አጣርቻለሁ። ባለፈው የአያትሽን የጫማ ቁጥር ሳይቀር ጻፍሽልኝ፤ ዛሬ አምስት መስመር። ደህና የሚለውንም ሁለቴ ብለሻል።

ጥር 10 እገባለሁ።

ገብረየስ


ድሬዳዋ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብሩክታይት፤

ሳልሰናበት በመውጣቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምጠይቀው ሙሉነሽን ብቻ ነው፤ ምሳ አቅርባ ነበር።

አሥሩን ዙር ቆጥሬአለሁ፤ አልቆመም። መኩሪያ ሊያቅፈኝ እጁን ሲዘረጋ፣ ባቡሩ አሥራ አንደኛውን እየዞረ ሳለ፣ መብራት ጠፋ። የሰፈሩ ሁሉ መብራት ነው የጠፋው። የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ መዝሙሩን ከመሃል ቆረጠው፤ ፍሪጁ ዝም አለ። ባቡሩ ብቻ ሄደ። ቆጠርሁ። ሰባት ሴኮንድ ሄዶ፣ ጣቢያውን አልፎ፣ አሥሩ አለቀ ብላችሁ በደስታ ሐዲዱ ላይ ያስቀመጣችሁትን የሻይ ብርጭቆ ገጭቶ ነው የቆመው።

አርባ ዓመት ሠርቻለሁ። ያለ ኃይል የሚሄድ ባቡር ያየሁት ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው። የእናንተ ጠረጴዛ ቁልቁለት የለውም፤ ገና ስገባ በውሃ ልክ ለክቼዋለሁ።

መኩሪያ ጣሪያውን አየ፤ ላጲሶ ጫማውን። አንቺ ብቻ ነሽ ዓይን ዓይኔን ያየሽኝ። ከሁሉም የከፋኝ እሱ ነው፤ እነሱን እንድትጠብቂልኝ የሾምሁሽ አንቺን ነበርና። ለዚህ ነው «ሞተሩን ስጡኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ያልወጣኝ።

ሞተሩ እኔ ዘንድ ነው፤ ገና ከጠቀለልሁበት ጋቢ አላወጣሁትም። ጠረጴዛውን የሚጭን መኪና ለየካቲት 20 ተነጋግሬያለሁ።

እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ። ማንም እንዳያስብ።

ገብረየስ


ቦሌ ሚካኤል፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ትልቁ አባባ፤

ይቅርታ።

ብቻውን የጻፍኩት ቀልድ እንዳይመስልዎት ነው። አሁን ሁሉንም እነግርዎታለሁ።

ደብዳቤዎ «ላጲሶን እንዳትለቂው» ብሎ በመጣ በማግስቱ ሰርቪሱን ሳላንኳኳ ገባሁና ሁለቱን ያዝኳቸው። አባባ የብየዳ ብረት ይዟል፤ ጋሽ ላጲሶ የእጅ ባትሪ ያበሩለታል። ያበሩት ግን ወደ ገዛ ዓይናቸው ነበር። የአባባ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጋሽ ላጲሶ በቅርብ ያለ አያዩም፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ ጤነኛ ሰው አይሞሉም። ጠረጴዛው ላይ ባቄላ የሚያክሉ አምስት ፍሬዎች ነበሩ፤ ጋሽ ላጲሶ ወሎ ሰፈር ካለ ሬዲዮ ጠጋኝ ያመጧቸው። ካፓሲተር ይባላሉ። ሐዲዱ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ ይጎርሳሉ፤ ሲነፍግ መልሰው ዲኮደሯን ያጎርሷታል። እሷም የት ነበርኩ ሳትል መንገዷን ትቀጥላለች።

ልጽፍልዎ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። አባባ የብየዳውን ብረት ዘረጋልኝ። ተቀበልኩት። ስለዚህ የበየድኩት እኔ ነኝ። ማኅተምዎን አልነካንም፤ የሞተሩ ጣሪያ በጥፍር ሲነሳ ይከፈታል፤ ከላይ ነው የገባነው። ይህ ማጭበርበር ነው ካሉ፣ ነው። ጠረጴዛው እንዳይሄድብኝ ስለፈለግሁ ነው።

ያላሰብነው አንድ ነገር ነው። እዚህ ሰፈር እየኖርን፣ ሦስት ሰዎች፣ አንደኛው የፊዚክስ መምህር፣ መብራት እንደሚጠፋ ረሳን።

አሁን ደግሞ የእኔን ጥርጣሬ ይስሙኝ። ያን ቀን ሞተሩን ከሐዲዱ መንጭቀው ሲያነሱት ሆዱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። እስከዚያ ድረስ ማኅተሙ ተነካ ይላሉ ተብሎ፣ አባባ መገልበጥ ይቅርና መንኮራኩሩን መጥረግም ከልክሎን ነበር። ከማኅተሙ ወደ መንኮራኩሮቹ የወረደ ቀጭን ቀይ መስመር አለ።

ያተሙበት የሻማ ሰም ነው አይደል? በነሐሴ፣ በድሬዳዋ ሙቀት፣ ከዚያ ሙሉ ቀን በሃይለኣብ አውቶቡስ ዕቃ መጫኛ ውስጥ። ጋሽ ላጲሶን ሰም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አያስተላልፍም አሉ። ለምን እንደጠየቅኩ አልነገርኳቸውም።

ሞተሩን ከጋቢው ያውጡትና ይገልብጡት። መንኮራኩሩን በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት። ጥፍርዎ ቀይ ከሆነ ሰውየውን አግኝተነዋል።

ሌላም አለ። ደህና ነኝ የሚለውን ሁለቴ ጽፈዋል። ምንድን ነው የደበቁን?

ከሥራ የተባረረችው ሰላይዎ፣
ብሩክታይት


ድሬዳዋ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለብሩክታይት፤

ጥፍሬ ቀይ ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰ አምስት ቀኑ ነው። ሦስቱን ቀን ሞተሩን ሳልገለብጥ ነው ያሳለፍሁት፤ ምን እንደማገኝ ስላወቅሁ። ሻማው ካለፈው ገና የተረፈ ነበር። ያተምሁት ከላጲሶ እጅ ለመጠበቅ ብዬ ነው። እሱ ባቡሩን ሊያድን ሲለፋ፣ እኔ ያቆምሁትን እሱ ላይ ስፈልግ ነበር። ከዚህ ጋር ለእሱ የጻፍሁት አለ፤ ሳትከፍቺ ስጪው። እንደምትከፍቺው አውቃለሁ፤ ቢያንስ ሙጫውን በደንብ አጣብቂ።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ።

ጠረጴዛውን ወደ እናንተ የላክሁት ሙቀቱ ሐዲዱን እያጣመመብኝ ነው ብዬ ነበር። እውነት ነው። ግን ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት የሚንቀሳቀሰው እኔና የጣሪያው ማራገቢያ ብቻ ነን። መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። ባቡሩን መልሼ የፈለግሁት ለዚህ ነው። አሥር ዙር ያልሁት ሰበብ ነው። ባይዞር ደስ ይለኝ ነበር። ሲዞር ጊዜ፣ አሥረኛው ላይ፣ ሁላችሁ ስትስቁ፣ መብራቱ ባይጠፋም ሌላ ነገር ፈልጌ እወጣ ነበር መሰለኝ።

የጭነት መኪናውን ትቼዋለሁ። መንኮራኩሮቹን በአልኮል ጠርጌ ሞተሩን በሃይለኣብ ልኬአለሁ። ማኅተም የለውም። ካፓሲተሩን እንዳታወጪው።

አያትሽ፣
ገብረየስ


ቦሌ ሚካኤል፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ትልቁ አባባ፤

ሞተሩ በሰላም ገብቷል። እሱ እውነትም ማኅተም የለውም፤ ካርቶኑን ግን በአራቱም ማዕዘን በቀይ ሰም አትመውታል። ሃይለኣብ ተቀይሟል። አሥራ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ሳመላልስ አንድ ቀን አልከፈትኩም ይላል። የተናገረበት ፍጥነት እኔንም ደስ አላሰኘኝም።

ካርቶኑን ፀሐይ ሳይነካው ነው የከፈትነው። ባቡሩ አርባ ዙር ዞረ፤ ከዚያ መቁጠር ሰለቸን። አሁን አባባና ጋሽ ላጲሶ ሌላ ጨዋታ ጀምረዋል፤ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጠው መብራት እስኪጠፋ ይጠብቃሉ። ሲጠፋ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። ይጠፋል ብለው በጠበቁት ቀን ግን አይጠፋም፤ ተናደውበታል። በሕይወቴ መብራት ስላልጠፋ የሚናደድ ሰው አይቼ አላውቅም።

ለጋሽ ላጲሶ የጻፉትን ሰጥቻቸዋለሁ። ሙጫውን አጣብቄው ነበር። ሦስት ጊዜ አንብበው ኪሳቸው ከተቱት፤ ከቆሎው ጋር። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ «ጻፊላቸው፤ የፊዚክስ መምህር ዝም ብሎ አያይም ያሉት ልክ ነው። አምና የገለበጥኩት ዋጋውን ሳይሆን የትኛው አገር እንደተሠራ ላነብ ነበር። መነጽር አልያዝኩም፤ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።» ሲመጡ እንዲነግሯቸው ነው የሚፈልጉት።

አንድ የሚያጠራጥር ነገር ልጨምር። እማማ ለሰርቪሱ ተከራይ አገኘሁ ብላናለች። ደነገጥኩ። ጠረጴዛውስ ስላት፣ ተከራዩ ጠረጴዛውን ይወደዋል አለች። ስሙን ብጠይቃት ወጥ ላማስል ብላ ገባች። ትናንት ከአዋሽ ጣቢያ ሥር ጠባብ አልጋ አስገባች። ብርድ ልብስ ሦስት ደርባበታለች፤ ቆላ የለመደ ሰው ነው፣ ይበርደዋል ብላ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከዘራ መስቀያ ምስማር አስመታች፤ ከፍታውን ስትለካ አባባን አስቁማ፣ ከአንተ አንድ ጣት ይረዝማል ስትል ሰማኋት።

እኔ የጠረጠርኩት ሰው አለ። ማስረጃ ስለሌለኝ ለእርስዎ ብቻ ነው የጻፍኩት። ሃይለኣብ በሚቀጥለው ረቡዕ ከዚያ ሲነሳ ከኋላው ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ጠይቄዋለሁ።

እኛ ሁላችን ደህና ነን። አንዴ ነው ያልኩት፤ ይቁጠሩ።

ብሩክታይት